0.18 ቮልት

ክንፎቹን ያስቆማቸው የአንድ ሕፃን ጣት ነው። አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ዞር ስትል እጁን ዘረጋና ማራገቢያው ፊት የሚሽከረከረውን የፕላስቲክ ክንፍ ያዘው። ክንፎቹ ቆሙ። ቀይዋ መብራት ግን አልጠፋችም።

ልጁ መብራቷን አየ። ክንፉን አየ። ጣቱን ሲለቅ ክንፉ መዞር ጀመረ፤ መልሶ ያዘው። መብራቷ እንደበራች ናት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድም ቃል አልተናገረም። ግን በዚያች ግማሽ ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ትክክለኛውን ሙከራ የሠራው እሱ ነበር።

ከጠረጴዛው ኋላ የቆሙት አራት ተማሪዎቼም አዩ። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮጀክት ሲሠራ አይቻለሁ፣ ብዙ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሜአለሁ። ያቺ አልጠፋም ያለች መብራት ግን ከዓይኔም አልጠፋችም።

በዋዜማው ማታ

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጪ ደግሞ የሳይንስ ክበቡን እመራለሁ። በዚያ ዓመት አራት ተማሪዎች መጡና የነፋስ ኃይል ማመንጫ እንሥራ አሉ። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። ክንፎቹን ከፒቪሲ ቱቦ ቆረጡ። እምብርቱን ከጠርሙስ ክዳን ሠሩ። ማመንጫው ደግሞ ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና የወጣ ትንሽ ሞተር ነው። ሞተር ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ይዞራል፤ አንተ ካዞርከው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጥሃል። ይህን አንብበው ነው የመጡት። በእጃቸው ሊያዩት ፈለጉ።

ስድስት ሳምንት ለፉ። ክንፉ ዞረ። መብራቷ ግን እምቢ አለች። ሽቦ ቀየሩ፣ አልበራችም። መብራቷ ኤልኢዲ የምትባለው ዓይነት ናት፤ ኤሌክትሪክ የምታሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ገልብጠው ሞከሯት፣ አልበራችም። ማራገቢያውን አስጠግተው የመጨረሻው ፍጥነት ላይ አደረጉት። ምንም።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ አመሹ። ሲጨልም ወደ ቤት ሸኘኋቸውና ብቻዬን ቀረሁ። ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ጥቅል ናስትሮ አለ። መሣሪያው የቆመበት እግር ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ባዶ። ከሞተሩ የሚመጣውን ሽቦ ቆረጥኩት። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች አስገባሁ፣ በመሃል የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ሬዚስተር አደረግሁ፣ ኤልኢዲዋን ከእነሱ ጋር አገናኘኋት። ከላይ በነጭ ካርቶን ከደንኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ግን ገብተው መብራቷን ሲያዩ በደስታ ጮኹ። ተቃቀፉ። አንደኛው "ቲቸር፣ ምን አደረጉት?" አለኝ። "ሽቦው ላልቶ ነበር፣ አጠበቅሁት" አልኩት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ለምን አደረግሁት? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። አንደኛው መልስ ለልጆቹ ሳስቼ ነው የሚል ነው። ያን ያህል ለፍተው፣ በሰው ሁሉ ፊት ከማይሠራ ነገር አጠገብ ሲቆሙ ማየት አልቻልኩም። ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ክበቡ የሚታወቀው በእኔ ነው። ያልበራች መብራት የእኔን ስም የምታጨልም መሰለኝ። ለእነሱ የሳሳሁትን ያህል ለራሴም ሳስቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ጣጣውን በገዛ እጄ አመጣሁት።

ለኪዋ

ከአራቱ አንዷ ቮልት የሚለካውን ቴስተር ከእጇ የማትለይ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ "ለኪዋ" ይሏታል። ሰማያዊ ደብተር አላት። ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍላ በግራ ቀኑን፣ በመሃል የቀየሩትን ነገር፣ በቀኝ ቮልቱን ትጽፋለች። የቀኙ ዓምድ ለማንበብ ይሰለቻል። 0.17። 0.18። 0.18። 0.16። 0.18።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ነበር። "ቲቸር፣ ቴስተሩ ነው ወይስ እኛ ነን?" የለካሁት ነገር ከጠበቅሁት ጋር አልስማማ ሲል ጥፋቱ ያለው መለኪያው ላይ ነው? ሥራው ላይ ነው? ወይስ መጀመሪያውኑ ግምቴ ላይ? ሳይንስ የምንለው ነገር አብዛኛው ይህን መለየት ነው። እኔ ግን "ሽቦዎቹን ደግመሽ እዪ" እያልኩ አለፍኳት።

እውነቱን ልናገርና መልሱን አላውቀውም ነበር። ጄኔሬተር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስያለሁ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ የመለኪያው መርፌ እንደተንቀሳቀሰ፣ ማግኔቱ ሲቆም መርፌው እንደተመለሰ ለስንት ክፍል ተርኬአለሁ። አንዲት የመጫወቻ ሞተር በጣቴ አዙሬ ስንት ቮልት እንደምትሰጥ ግን አንድም ቀን ለክቼ አላውቅም። ልጅቷ ቀድማኛለች። ይህ ለመምህር የሚከብድ ነገር ነው። ተማሪህ ከቀደመችህ ወይ አብረሃት ትጠይቃለህ፣ ወይ ጥያቄዋን ታዳፍናለህ። እኔ በባትሪ አዳፈንኩት።

ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ሲሄድ ሦስቱ ልጆች አቀርቅረው ወለሉን ያያሉ። ለኪዋ ግን ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። ሰው እንዳይሰማብኝ የፈለገች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

"ቲቸር፣ እኔ እኮ 0.18 ነው የለካሁት" አለችኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ዋሹን አላለችም። ለምን አላለችም። ቁጥሯን ብቻ አስታወሰችኝ። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቴ ጎብኚን ማታለል ይመስለኝ ነበር። ለካ ከጎብኚው ይልቅ ያታለልኩት እሷን ነው። ኋላ ስጠይቃት እንደነገረችኝ፣ ጠዋት መብራቷን በርታ ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ "የለካሁት ሁሉ ስህተት ነበር ማለት ነው" የሚል ነው። ደብተሩን ልትጥለው ነበር። ስድስት ሳምንት በትክክል የለካች ልጅ፣ በእኔ አሥር ደቂቃ የገዛ ዓይኗን ተጠራጠረች።

ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ፕሮጀክት ለምን እናሠራለን? ልጁ አንድ ቀን እንኳ በራሱ እጅ ነገርን ጠይቆ ነገሩ ራሱ ሲመልስለት እንዲሰማ አይደለም ወይ? መጽሐፉ ሳይሆን፣ መምህሩ ሳይሆን፣ ሞተሩ ራሱ "0.18" ብሎ መልሶላት ነበር። እኔ መሃል ገብቼ መልሱን አስቀየርኩት።

ካርቶኑን አነሳሁ። ሁሉም ዝም ብለው ባትሪዎቹን አዩ። ለኪዋ ቴስተሩን አውጥታ ለካቻቸው። 3.1። ደብተሯን ገልጣ ጻፈችው። መሃለኛው ዓምድ ላይ "የቲቸር ባትሪ" ይላል።

ወደ ዳኞቹ ሄጄ ነገርኳቸው። ጠረጴዛው ከውድድሩ ወጣ። ልጆቹ ላላጠፉት ጥፋት ተቀጡ። ከአራቱ አንዱ "ታዲያ እኛ የሠራነው ምኑን ነው?" ብሎኝ መልስ ሳይጠብቅ ከአዳራሹ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔስ እስኪመሽም አልቆየ፤ ረፋድ ላይ ጠራ።

ባትሪ ያሳሳተው ሌላ መምህር

በየዓመቱ ቮልትን፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትንና የሽቦን ተቃውሞ የሚያያይዘውን የኦምን ሕግ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሰውዬው እንዴት እንደደረሰበት ያነበብኩት ግን ከዚያ ኤግዚቢሽን በኋላ ነው። ጌኦርግ ኦም በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ስለነበሩ በእጅ መሥራት ያውቅበታል፤ መሣሪያዎቹን ራሱ ይሠራቸው ነበር። የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሽቦዎች እየቀያየረ ኤሌክትሪኩ ምን ያህል እንደሚዳከም ይለካል። ችግሩ ባትሪው ነው። የዘመኑ ባትሪ ገና እየለካ ሳለ ይደክማል። ሽቦው ያመጣው ለውጥ የቱ፣ ባትሪው ያመጣው የቱ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 ያሳተመው የመጀመሪያ ቀመር ስህተት ሆነ።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ባትሪውን ተወው። ቢስመዝ የተባለ ብረትና መዳብ አጋጠመና አንዱን መገጣጠሚያ የፈላ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን በረዶ ውስጥ አደረገ። በሁለቱ የሙቀት ልዩነት የሚመነጨው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ግን አይዋዥቅም፤ የሚፈላ ውሃም የሚቀልጥ በረዶም ሙቀታቸው ባለበት ይቆያል። በ1826 ትክክለኛው ግንኙነት ወጣለት፣ በ1827 በመጽሐፍ አሳተመው። በአገሩ ብዙም አልተደነቀለትም። ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ኮፕሊ የሚባለውን ሜዳሊያውን የሰጠው በ1841 ነው።

ይህን ሳነብ ደብተሯ ትዝ አለኝ። ኦም ጉልበት ያለውንና የማይታመነውን ትቶ፣ ትንሹንና የሚታመነውን መረጠ። 0.18 እንደዚያ ያለ ቁጥር ነበር። ትንሽ፣ ግን በለካሃት ቁጥር ያቺው የሆነች። እኔ እሷን በ3.1 ለወጥኳት። ተማሪ የኦምን ሕግ በሦስት ፊደል ሲቀበል፣ አንድ መምህር በተሳሳተ ቀመር አልፎ እንደደረሰበት ማን ይነግረዋል? ዛሬ እኔ እነግራለሁ። ሰሌዳው ላይ ቀመሩን ከመጻፌ በፊት የ1825ቱን ስህተት ነው የማወራው።

ማክሰኞ

ክበቡ ማክሰኞ ማክሰኞ ይገናኛል። ከዚያ ሳምንት በኋላ ማንም ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አራቱም መጡ። "ምኑን ነው የሠራነው" ያለው ልጅም መጣ፤ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠ። ለኪዋ ደብተሩን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ለምን 0.18?" አለች።

"አላውቅም" አልኳት።

ይህችን ቃል አንድ ወር ቀደም ብዬ ተናግሬያት ቢሆን ኖሮ! ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ክፍሉ ቀለል አለው። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

አንደኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፉ። ሲዞር በስልክ በዝግታ ቀረጹት፤ ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል ይይዛል። ምስሎቹን አንድ በአንድ እያሳለፉ ቆጠሩ። ነጩ ፕላስተር ዞሮ ቦታው እስኪመለስ 27 ምስል። በሰከንድ 9 ዙር ገደማ ማለት ነው። ቀጥለው ሞተሩን ከመሰርሰሪያ ጋር አጋጠሙት። መሰርሰሪያው በሰከንድ 25 ጊዜ ሲያዞረው ቴስተሩ 0.5 አለ። ፍጥነቱን ሲቀንሱ ቮልቱም አብሮ ወረደ። ነጥቦቹን ካሬ ወረቀት ላይ አስቀመጡ። ነጥቦቹ እየተሰለፉ ሲመጡ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ተነሳ። ማስመሪያ ይዞ መጣና መስመሩን እሱ አሰመረው። ቀጥ ያለ ነው።

መልሱ ወረቀቱ ላይ ነበር። ሞተሩ በሰከንድ አንድ ዙር ሲዞር 0.02 ቮልት ይሰጣል። ቀይ ኤልኢዲ ደህና አድርጎ ለመብራት 2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። በሰከንድ 100 ዙር ያስፈልጋል ማለት ነው። የእኛ ክንፍ የሚዞረው 9 ነው። ሽቦው ምንም አልሆነም። ቴስተሩም ምንም አልሆነም። እነሱም ምንም አላጠፉም።

ሌላም አሰላን። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ በዚያ ክብ የሚያልፈው ኃይል ከ1 ዋት ይበልጣል። ሁሉንም መያዝ አይቻልም። አልበርት ቤትዝ የተባለው ጀርመናዊ እንዳሳየው ከነፋሱ ኃይል ቢበዛ 59 በመቶው ነው የሚያዘው፤ በእጅ የተቆረጠ ክንፍ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ቢሆንም ኤልኢዲዋ ደምቃ ለመብራት የምትፈልገው 0.04 ዋት ብቻ ነው። ነፋሱ በቂ ነበር! የጎደለው የሞተሩ ፍጥነት ነው።

እኔን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ይህን ሁሉ ከኤግዚቢሽኑ በፊት ማግኘት እንችል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያልበራች መብራት፣ የክንፍ ፍጥነት፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ "ያልበራችው ለዚህ ነው" የሚል ወረቀት። ከዚያ የተሻለ ምን ፕሮጀክት አለ? ልጆቹ ግን ወደኋላ የሚያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም። ፍጥነቱን በምን እንጨምር በሚል መሟገት ጀምረው ነበር።

እጄን የት ላድርገው

አዋቂ ሰው የተማሪ ሥራ አጠገብ ሲቆም እጁን ይበላዋል። እኔን ዛሬም ይበላኛል። ልጁ ሽቦ ለማጠማዘዝ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እኔ በአምስት ሰከንድ እጨርሰዋለሁ። "እስቲ አምጣው" ማለት ምን ያህል ቀላል ነው! ያ ደቂቃ ግን የእሱ ነው። የላላ ሽቦና የጠበቀ ሽቦ ልዩነታቸው ጣቱ ላይ የሚገባው በዚያ ደቂቃ ነው፤ እኔ በቃል ላስተምረው አልችልም። ስለዚህ አሁን ክበብ ውስጥ ፒንሳ አልይዝም። አደጋ ካለ ሌላ ነገር ነው። የግድግዳ ኤሌክትሪክ፣ ስለት፣ እሳት፣ ዓይን ላይ ሊፈናጠር የሚችል ነገር ካየሁ ወዲያው እገባለሁ፣ አልጠይቅም። መብራት አለመብራቱ ግን አደጋ አይደለም።

ኤግዚቢሽን ላይም የማየው ነገር ተለውጧል። የሚፈነዳ፣ የሚጮህ፣ የሚበራ ነገር ሰው ይሰበስባል። ኮምጣጤና ሶዳ ሲገናኙ አረፋ የሚተፋው እሳተ ገሞራ ሁልጊዜ ይሠራል። ሁልጊዜ እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ግን ምን ተጠየቀበት? ኮምጣጤው በግማሽ ቢቀነስስ? ቢሞቅስ? ያቺ "ስ" ስትመጣ ነው ፕሮጀክት የሚሆነው። ለዳኝነት ስጋበዝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ያልሠራላችሁ ምንድን ነው?" ብዬ ነው። አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ፣ ነጥብ የምቀንስ መስሏቸው። አንዳንዶቹ ግን ፊታቸው ይፈካል። ደብተር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማስቆም አይቻልም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኪዩብሳት የምትባል ትንሽ ሳተላይት ይሠራሉ። መሠረታዊዋ በየጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር ናት። ሁለት የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰሮች እ.ኤ.አ. በ1999 መጠኗን የወሰኑት ተማሪዎች ራሳቸው ሠርተው እንዲያመጥቋት ነው። ጥቂት የማይባሉ የተማሪ ኪዩብሳቶች ምህዋር ከገቡ በኋላ አንድም ድምፅ አላሰሙም። እዚያ ካቻቢቴ ይዞ የሚደርስላቸው የለም። የቀራቸው ምን እንደሠሩ፣ ምን እንደለኩ፣ ምን እንደዘለሉ የጻፉበት ነገር ብቻ ነው። ፋራዳይም ከ1831 በፊት፣ በ1825 ሞክሮ ምንም አላገኘም ነበር። ምንም አለማግኘቱን ጽፎ አስቀመጠው።

በጨለማው ክፍል

ከኤግዚቢሽኑ አምስት ሳምንት በኋላ የክንፉ ዘንግ ላይ አሮጌ ሲዲ ገጠሙ፤ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር። ሞተሩ ላይ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ጎማ። ሁለቱን በላስቲክ አገናኟቸው። ክንፉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 12 ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያው ሙከራ ክንፉ አቃተውና ቆመ። ፍጥነቱ 12 እጥፍ ሲጨምር የሚገፋው ሸክምም በዚያው ልክ ይከብድበታል። ክንፉን አስረዘሙት። ማዕዘኑን ቀየሩት። ላስቲኩ ተንሸራተተ፣ ሌላ አመጡ። ሁሉም ደብተሩ ላይ አለ። 0.6። 0.9። 1.1። አንድ ቀን ደግሞ "ላስቲኩ ተበጠሰ" ብቻ ይላል።

የመጨረሻው ቀን መጋረጃውን ዘግተው ክፍሉን አጨለሙት። ማራገቢያው እየጮኸ ነው። ለኪዋ ኤልኢዲዋን በሁለት መዳፏ ከበበቻት። አራቱም አንገታቸውን ደፍተው እጇ ውስጥ ያያሉ።

"በራች!"

"የቱ ጋ?"

"ይኸው፣ ቀላች እኮ!"

"በመጋረጃው የገባ ብርሃን ነው።"

"ቲቸር፣ ይምጡና ይፍረዱ" አሉኝ። እጆቼ ኪሴ ውስጥ ናቸው። "ቴስተሩ ምን ይላል?" አልኳቸው።

ለኪዋ ለካች። በስልክ ብርሃን ደብተሯን ገልጣ ጻፈች። የጻፈችውን ኋላ አይቼዋለሁ። በግራ ቀኑ አለ። በመሃል "ሲዲ፣ አዲስ ላስቲክ፣ ረጅም ክንፍ"። በቀኝ 1.68። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ "ሦስቱ በርታለች ይላሉ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገ መስኮቱን በካርቶን ደፍነን ደግመን እናያለን።"